ከብቱ ሲያስል «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ ይብቃ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በዓል በመጣ ቁጥር የበሬ ዋጋ ስንት እንደገባ ትዘግባላችሁ። ጥሩ ነው፣ አንባቢ ይፈልገዋል። ግን ያ በሬ ከገበያ ወጥቶ በረት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጽፍ ሰው አላየሁም። በሳምንቱ ማሳል ይጀምራል። መብላት ይተዋል። ከዚያ ወይ ይሞታል ወይ በርካሽ ይሸጣል፣ አብሮት የታሰረውም ይከተለዋል። እኔ በባህር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ከብት በማከም የምተዳደር ሰው ነኝ። በየዓመቱ ይህንኑ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ።

እኛ ጋ ከብት ሲያስል የሚሰጠው ስም አንድ ነው። «ብርድ መትቶት ነው ዶክተር፣ አንድ መርፌ ውጋልኝና ይለቀዋል» ይሉኛል። አርሶ አደሩም፣ ከተማ ውስጥ አምስት ስድስት ዲቃላ ላም ይዞ ወተት የሚያከፋፍለውም፣ ለፋሲካ ሰንጋ የሚያደልበውም የሚለው ይህንኑ ነው። ብርዱ የለም አልልም። ክረምት ላይ ዝናብ ሲደበድበው ያደረ ከብት ይዳከማል። ግን ሳምባውን የሚያበላሸው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በአንድ ሌሊት ይገድላል፣ ሌላው ወራት ተደብቆ ጎረቤቱን ያዳርሳል፣ ሌላው ደግሞ በወተት በኩል ወደ ልጆቻችን ይመጣል። ሁሉንም «ብርድ» ብለን ያንኑ አንድ መርፌ ስንወጋ ነው የምንከስረው።

ከተለመደው ልጀምር። ፓስቸሬላ መልቶሲዳ እና ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ የሚባሉ ሁለት ባክቴሪያዎች አሉ። ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ ጤነኛ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራሉ። ከብቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አያደርጉትም። የትንፋሽ ቧንቧው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፀጉሮች ወደ ታች የሚወርደውን እየጠረጉ ያወጡታል፣ ያመለጠውን ነጭ የደም ሴል ይጨርሰዋል። ነገሩ የሚበላሸው ይህ መከላከያ ሲላላ ነው።

እስቲ ከወረታ ወይም ከሐሙሲት ገበያ የተገዛ ሰንጋ ባህር ዳር እስኪገባ የሚያየውን አስቡት። ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ገበያ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ውሃ የሚያጠጣው የለም፣ ከማያውቃቸው ከብቶች ጋር ይዋጋል፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ይተነፋፈሳል። ማታ አይሱዙ ላይ ይጫናል። እግሩ የሚያርፍበት ገለባ እንኳ አይነጠፍለትም፣ በየኩርባው ይወድቃል፣ በዱላ ይነሳል። አዲስ አበባ የሚሄደውማ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሁ ቆሞ ይጓዛል። ሲደርስ ገለባ የለመደው ሆዱ ላይ ፋጉሎና ፍሩሽካ ይከመርበታል፣ በዚያው ሌሊት ከነባሮቹ መሐል ይታሰራል። በዚህ ሁሉ መሐል የአፍንጫና የጉሮሮ ቫይረስ ካገኘው አለቀለት። አፍንጫው ውስጥ የነበረው ማንሃይሚያ ይራባና ወደ ሳምባ ይወርዳል። እዚያ የሚለቀው መርዝ የሚገድለው ሊያጠፋው የመጣውን ነጭ የደም ሴል ራሱን ነው። ሴሉ ሲፈነዳ ደግሞ ውስጡ ያለው ነገር ሳምባውን ያቃጥለዋል። ሂስቶፊለስ ሶምኒ እና ማይኮፕላዝማ ቦቪስ የሚባሉትም እንዲሁ አጋጣሚ ጠብቀው ይገባሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ይገኛሉ።

ሳል እስኪሰማ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። አዲስ የገባ ከብት ያለው ሰው ጠዋት መኖ ሲያቀርብ ቆም ብሎ ይመልከት። መጨረሻ ላይ ወደ ገንዳው የሚመጣው የትኛው ነው? ጆሮው የወደቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው የቆመ አለ ወይ? ቴርሞሜትር ውድ ነገር አይደለም፣ በፊንጢጣ ማስገባትም ሙያ አይጠይቅም። የጤነኛ ትልቅ ከብት ሙቀት 38.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። 40 ካለፈና መብላት ከቀነሰ በዚያው ቀን ባለሙያ ይጠራ። እኔን የሚጠሩኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነው። ስደርስ በሬው አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክርኖቹን ከደረቱ አራርቆ ቆሟል። መተኛት አይፈልግም። አየር ሲያስወጣ ያቃስታል፣ ካፍንጫው ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። ያኔ የሳምባው የፊትና የታችኛው ክፍል ጠቁሮ ጠንክሯል፣ አየር አይገባበትም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም የጠነከረው ሳምባ አይመለስም። ከብቱ ቢተርፍ እንኳ ያንን ሁሉ ፋጉሎ በልቶ አይደልብም።

ፓስቸሬላ መልቶሲዳ ሌላም መልክ አለው። ቢ እና ኢ የሚባሉት ዓይነቶቹ ሕዝቡ ጎሮርሳ የሚለውን በሽታ ያመጣሉ። ይህኛው ጊዜ አይሰጥም። ትኩሳቱ ይንራል፣ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ ጉሮሮው ከመንጋጋ ሥር እስከ ደረቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ማታ ደህና የገባ በሬ ጠዋት በረት ውስጥ ሞቶ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ምልክቱ ጎልቶ ከታየ በኋላ መርፌ እምብዛም አያድንም። የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲፈሱ ከብቱ ሁሉ የቀረችው ደረቅ መሬት ላይ ይታጨቃል፣ መኖው ያንሳል፣ እርጥበቱ ለባክቴሪያው ይመቸዋል፣ ያ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት በዚያው ሰሞን ያልቃል። ለጎሮርሳ ክትባት አለ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት እዚሁ አገር ውስጥ ያመርተዋል። ክትባቱ ግን ከተወጋ በኋላ የከብቱ አካል አቅም እስኪገነባ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ መሰጠት አለበት። በእኛ ቀበሌዎች በተደጋጋሚ የማየው ክትባቱ ከብት ማለቅ ከጀመረ በኋላ ሲመጣ ነው። አርሶ አደሩ ያኔ ሮጦ ያስከትባል፣ በሽታው ቀድሞ የገባበት ከብት ክትባቱን ተወግቶም ይሞታል፣ ከዚያ «ክትባቱ ነው የገደለብኝ» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት በጥሩ ጊዜ ስንመጣ ከብቱን ያሸሽብናል። አርሶ አደሩን አልወቅስም። በጊዜው ያልደረስነው እኛ ነን።

አሁን ሕዝቡ ሳምባ ወደሚለው በሽታ ልምጣ። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። መንስኤው ማይኮፕላዝማ ማይኮይደስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ኖካርድና ሩ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1898 እ.ኤ.አ. አሳድገው ያሳዩት ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። የሚተላለፈው ከከብት ወደ ከብት በቅርብ ሲተነፋፈሱ ነው። ክፋቱ ዝግታው ላይ ነው። ከብቱ ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከተሻለው በኋላ ደግሞ የሞተው የሳምባ ቁራጭ በቆዳ መሰል ነገር ተሸፍኖ ውስጡ ይቀራል፣ በዚያ ውስጥ ጀርሙ በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ገበያ ላይ ቆሞ ደህና መስሎ የሚሸጠው በሬ በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ጥጆች ላይ ደግሞ ሳል ላይኖር ይችላል፣ የሚያብጠው ጉልበታቸው ነው። ሰው ግን «ወድቆ ነው» ይላል።

ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊን ባክቴሪያ የሚገድለው ግድግዳውን እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ግድግዳ በሌለው ላይ ምንም አያደርግም። ይህን የማያውቅ ሰው ፔኒሲሊን ያለበትን ፔንስትሬፕ ገዝቶ ለቀናት ይወጋል፣ ገንዘቡም ጊዜውም ይሄዳል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው ሌላው የባክቴሪያ መድኃኒት ምልክቱን ሊያበርደው ይችላል፤ ግን ይህም ራሱ አደጋ አለው። ምልክቱ የበረደለት ከብት ጀርሙን ተሸክሞ ገበያ ይወጣል፣ ገዢውም ምን እንደገዛ አያውቅም።

በሬ ሞቶ ስንከፍተው ግን አይደበቅም። ደረቱ ውስጥ ቢጫ ውሃ በብዙ ሊትር ይገኛል። ብዙ ጊዜ የተጎዳው አንድ ጎን ብቻ ነው። ሳምባው ከጎድን አጥንቱ ጋር ተጣብቋል፣ ሲቆረጥ ቀይ፣ ግራጫና ቢጫው እንደ እብነ በረድ ተዥጎርጉሮ ይታያል። ያንን ያየ ባለሙያ ወዲያው ይጠረጥራል፣ ናሙናም ባህር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይልካል። ችግሩ የሞተን በሬ ከፍቶ የሚያሳይ ሰው ማጣታችን ነው። ወይ ጎትቶ ገደል ይጥለዋል፣ ወይ ውሃ ዳር ያስጠጋዋል፣ ከዚያ ውሻና ጅብ ይጨርሰዋል። እባካችሁ የሞተ ከብት ሐይቁ ዳር አትጣሉ፤ ያንን ውሃ የሚጠጣ ሰውም ከብትም አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ቅርጫ ስታርዱ ሳምባውን አውጥታችሁ ተመልከቱት። ጠንካራ ቦታ አለው? ከጎድን ጋር ተጣብቋል? ውስጡ አይብ የሚመስል እጢ አለ? ካለ ባለሙያ አሳዩ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከሆነ ባክቴሪያ አይደለም፣ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ለውሻ አትስጡት፣ ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል።

ታሪካችንን የሚያውቅ ሰው የደስታ በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ የዚህን አገር በሬ እንዴት እንደጨረሰው ሰምቷል። ያ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በዘመቻው ዓመታት የሳምባ ክትባትም አብሮ ይሰጥ ነበር። የደስታ ክትባት ሲቆም የሳምባውም ሰፊ ዘመቻ አብሮ ላላ፣ በሽታውም ተመልሶ ተስፋፋ። ክትባቱ ዛሬም አለ፣ በየዓመቱ መደገም ግን አለበት። ቦትስዋና በሽታው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲገባባት ከ300 ሺህ በላይ ከብት አርዳ ነው ያጠፋችው። እኛ ያን ያህል ከብት ማረድ አንችልም፣ ልንሠራ የምንችለው ክትባቱን በየዓመቱ ማድረስና የከብት እንቅስቃሴን መቆጣጠር ነው።

ስለ ነቀርሳ በአጭሩ ልናገር። ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የሚባለው የከብት ቲቢ ከአገሬው ከብት ይልቅ ዲቃላውንና የውጭ ዝርያውን ያጠቃል። ተጨናንቀው በረት ውስጥ የሚውሉት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ውስጥ ወተት የሚሰጡን እነሱው ናቸው። ላሟ ለረጅም ጊዜ ትከሳለች፣ አልፎ አልፎ ደረቅ ሳል ታስላለች፣ ግን ትታለባለች። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ሊያዝ ይችላል፣ እርጎ መሆኑም ብቻውን ጀርሙን አያጠፋውም። ወተት አፍሉ። በቆዳ ላይ የሚሰጥ ምርመራ አለ፣ ውጤቱ በ3 ቀን ይነበባል። ወተት አከፋፋዮች «ላሜ ብትገኝባትስ፣ ማን ይክሰኛል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሚክስ ሥርዓት ሳይኖር ላምህን አስመርምር ማለት ከባድ ነው። ይህን ጥያቄ ጋዜጣችሁ ለሚመለከታቸው ቢያነሳልን ደስ ይለኛል።

ወደ መርፌው ልመለስ። በየገበያው መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚሸጥ አለ። ገዢው የከብቱን ክብደት አያውቅም፣ ቢያውቅም ገንዘብ ለመቆጠብ ግማሹን ይወጋል። ባለ 20 ፐርሰንቱ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን ሰንጋ 30 ሚሊ ሊትር፣ ያውም ሁለት ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ማለት ነው። ሰው ግን 10 ሚሊ ሊትር ወግቶ «ወጋሁት፣ አልዳነም» ይላል። ባክቴሪያው ሳይሞት መድኃኒቱን ይለምደዋል። በዚያው መርፌ ደግሞ ከብት ሁሉ ይዳረሳል። ሌላም አለ። የተወጋ ከብት ሥጋው ለምግብ የሚሆነው መድኃኒቱ ከሰውነቱ ከወጣ በኋላ ነው። ለባለ 20 ፐርሰንቱ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ገደማ ነው፣ ቀኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በሰሙነ ሕማማት ተወግቶ ለፋሲካ የሚታረደውን እያየሁ ነው ይህን የምጽፈው። ወተቱም እንደዚያው ነው።

ስለ ጠርሙስ ማጠጣት ደግሞ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ከብት ሲያመው ባለቤቱ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ምላሱን ይስባል፣ ሦስተኛው የተቀመመውን ነገር በቢራ ጠርሙስ ይገለብጣል። ምላሱ የተያዘ ከብት መዋጥ አይችልም። ፈሳሹ ወደ ሳምባ ይገባል፣ ከፈሳሹ ጋር ባክቴሪያም ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ይሸታል። የዚህ ዓይነቱ ከብት እምብዛም አይተርፍም። ግድ ማጠጣት ካለባችሁ ጭንቅላቱ ከጀርባው መስመር ብዙ ከፍ አይበል፣ ምላሱን ልቀቁለት፣ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት፣ ካሳለ አቁሙ።

ከተማ ውስጥ ያለነው ደግሞ በረታችንን እናስተካክል። ብርድ እንፈራለን ብለን በላስቲክና በቆርቆሮ ጥርቅም አድርገን እንዘጋለን። ማለዳ በሩን ስትከፍቱ የሽንቱ ሽታ ዓይናችሁን ካቃጠለ፣ ያ አሞኒያ ሌሊቱን ሙሉ የጥጃዋን የትንፋሽ ቧንቧ ሲያቃጥል አድሯል፤ ያልኳችሁን ደቃቅ ፀጉሮች የሚያደክም እሱ ነው። ከግድግዳው በላይ ክፍት ቦታ ተዉ። ከብት ደረቅ ቦታ ከተኛና ነፋስ በቀጥታ ካልመታው የባህር ዳር ብርድ አይገድለውም። እንገሩንም ለጥጃዋ ስጡ። እንገር ጥሩ ምግብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጆችም ይወዱታል፣ ግን ጥጃ ያለ መከላከያ ነው የምትወለደው። በተወለደች በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ 3 ሊትር ያህል ካልጠጣች በኋላ የሚሰጣት ብዙም አይጠቅማትም፣ አንጀቷ መቀበሉን ያቆማል። የተረፈውን ቤተሰብ ይብላው።

ከሚመለከታቸው የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከብት ገበያዎቻችን ላይ የውሃ ገንዳ ይኑር፣ የታመመ ከብት ተለይቶ የሚቆምበት ቦታም ይኑር። የጎሮርሳና የሳምባ ክትባት ከግንቦት በፊት ቀበሌ ይድረስ። ቄራ ላይ ሳምባ የሚያዩ የሥጋ መርማሪዎች የሚያገኙት ነገር ከብቱ ወደ መጣበት ወረዳ ይላክ፣ አሁን መዝገብ ላይ ነው የሚቀረው። አደላቢ ወገኖቼ ደግሞ አዲስ የገዛችሁትን ከብት በዚያው ሌሊት ከነባሮቹ ጋር አትሰሩት። ሦስትና አራት ሳምንት ለብቻው፣ በራሱ ገንዳ ይቆይ፤ መኖውን ቀስ በቀስ ቀይሩለት። የሳምባ በሽታ ከዚያም በላይ ሊደበቅ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ሆኖም ጎሮርሳና የጉዞው ሳል በዚህ ጊዜ ውስጥ ይለያሉ። «ቦታ የለኝም» ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፤ ጎረቤት ጋ ባዶ ጥግ ለምነህ ያዝ ወይም ተከራይ፣ ለአንድ ወር ነው።

ደብዳቤዬ ረዝሞ ከሆነ አሳጥሩት። ስለ ክትባቱ ጊዜና ስለ ጠርሙሱ ያልኩትን ግን እንዳትቆርጡብኝ፣ የሚቻል ከሆነም ክረምት ሳይገባ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከባህር ዳር